የኢኤስፒኤን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፦ ጣቢያውን ከመውደቅ ያዳነው ምንድን ነው?

መቅደላ (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ታዳሚዎች። በዚህ ክፍል ስለ አሜሪካው የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ኢኤስፒኤን ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ዛሬ የምናውቀው ግዙፍ ድርጅት ነው። እኔ እንድንወያይበት የምፈልገው ከ1978 እስከ 1984 ስላለው ጊዜ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጣቢያው አንድም ዓመት አላተረፈም፤ ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ከሥልጣን ተገፍቶ ወጥቷል፤ ሦስት ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀዋል፤ ባለቤትነቱም ከነዳጅ ኩባንያ ወደ ቴሌቪዥን ኩባንያ ተላልፏል። እንዲህም ሆኖ አልወደቀም። ለምን አልወደቀም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የአንድ ቆራጥ ሰው ታሪክ ነው። እኔ ግን ወሳኙ ነገር ገንዘቡ ከማን ወደ ማን ይሄድ ነበር የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ቢል ራስሙሰን የኒው ኢንግላንድ ዌይለርስ የተባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ነበር። በሜይ 1978 ከሥራው ተሰናበተ። ከልጁ ከስኮትና በመድን ሥራ ላይ ከነበረው ከኤድ ኢገን ጋር ሆኖ መጀመሪያ ያሰበው ነገር ትንሽ ነበር፤ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ጨዋታዎችና የዌይለርስን ግጥሚያዎች ለግዛቲቱ የኬብል (በየቤቱ በተዘረጋ ሽቦ የሚመጣ ቴሌቪዥን) ደንበኞች ማሳየት ብቻ። ድርጅቱ በጁላይ 14 ቀን 1978 ተመዘገበ፤ የመነሻ ገንዘቡም ራስሙሰን በክሬዲት ካርድ የወሰደው 9,000 ዶላር ነበር።

ነገሩን የቀየረው የሳተላይት ኪራይ ዋጋ ነው። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በ1975 መጨረሻ ሳትኮም 1 የተባለውን ሳተላይት አምጥቆ ነበር፤ በላዩ ላይ ካሉት ማሰራጫዎች አብዛኞቹ ግን ተከራይ አላገኙም። ራስሙሰኖቹ ዋጋ ሲጠይቁ በአንድ ምሽት ለአምስት ሰዓት 1,250 ዶላር፣ ሌትና ቀን ሙሉውን ለመያዝ ግን በወር 34,167 ዶላር እንደሆነ ተነገራቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በየምሽቱ አምስት ሰዓት ብቻ የሚከራይ ሰው በሠላሳ ቀን 37,500 ዶላር ስለሚከፍል፣ ሃያ አራቱን ሰዓት ጠቅልሎ መውሰድ ከአምስቱ ሰዓት ይረክሳል። ያ ሞገድ ደግሞ በኮነቲከቷ ከተማ በሃርትፎርድ ላይ አይቆምም፤ በመላው አሜሪካ ዲሽ ያለው የኬብል ኩባንያ ሁሉ ይቀበለዋል። በኦገስት 1978 አባትና ልጅ በኮነቲከት አውራ ጎዳና በትራፊክ መጨናነቅ ተይዘው መኪና ውስጥ ሲከራከሩ ቀኑን ሙሉ ስፖርት ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ የሚለው ሐሳብ እንደ ተወለደ ይነገራል፤ የዚህ ሐሳብ እናት ግን የአርሲኤ የዋጋ ዝርዝር ናት ባይ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ የሳተላይት ፈላጊው በዛ፤ ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ኖሮ ቦታውን ባላገኙት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ገንዘብ ፍለጋ ነው። ብዙ ባለሀብቶች እምቢ አሉ። ለእነዚያ ሰዎች ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ዓይነት ሆኖ ቢታያቸው አልፈርድባቸውም፤ ሳተላይቱ በሰማይ ነው፣ ተመልካቹ ገና የለም፣ ጨዋታዎቹም የሌሎች ጣቢያዎች ናቸው። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 1979 ጌቲ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ 85 በመቶውን ድርሻ ወሰደ። ጣቢያው መጀመሪያ ሊሠራ የታሰበው በፕሌንቪል ነበር፤ የከተማዋ ደንብ የሳተላይት ዲሽ ስለሚከለክል አጠገቧ ወዳለችው ወደ ብሪስቶል ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይኸው ነው። ኢኤስፒኤንን ያቆሙት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው፤ አንደኛው የ1978ቱ የሳተላይት ኪራይ፣ ሁለተኛው ከኬብል ኩባንያዎች ክፍያ መጠየቅ የተጀመረበት ውሳኔ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የጌቲ ገንዘብ የነደደበት ጊዜ ነው። የእናንተን ሐሳብ ለመስማት እፈልጋለሁ።

ሰሎሜ

አቶ መቅደላ፣ ክሩን ስለ ከፈቱልን አመሰግናለሁ። የሳተላይቱን ዋጋ በተመለከተ የጻፉት እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪክ በዋጋ ዝርዝርና በውል ብቻ ሲነገር፣ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ከታሪኩ ይወጣሉ፤ ይህም ልክ አይመስለኝም።

በሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አቅራቢው ሊ ሌናርድ ስርጭቱን ሲከፍት ሕንፃው አላለቀም ነበር። ግቢው ጭቃ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስላልተጠናቀቀ ስርጭቱ የተመራው ውጭ ከቆመ የስርጭት መኪና ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጆርጅ ግራንዴ ስፖርትስሴንተር የተባለውን የስፖርት ዜና ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበ፤ ከኮሎራዶ በቀጥታ የተያዘው ቃለ ምልልስ ላይ ሲደርስም ድምፁ ጠፋ። በዚያ ምሽት የቀረበው ውድድር ቤዝቦልን የሚመስለው የሶፍትቦል ጨዋታ ነበር፤ ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ሚልዋኪ ሽሊትስ ይባላል። የጣቢያው ዋና ማስታወቂያ አስነጋሪ ደግሞ በበድዋይዘር ቢራ የሚታወቀው አንሃይዘር ቡሽ ስለነበረ፣ በከፈለበት የመጀመሪያ ምሽት በስክሪኑ ላይ የተፎካካሪው ቢራ ስም በተጫዋቾች ደረት ላይ ሲሮጥ አመሸ። አንሃይዘር ቡሽ የፈረመው ውል 1.38 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በኬብል ቴሌቪዥን ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ የማስታወቂያ ውል አልነበረም።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ጣቢያውን በእግሩ ያቆሙት ቼት ሲመንስና ስኮቲ ኮናል ናቸው። ሲመንስ ኤንቢሲ የተባለው ታላቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ የስፖርት ክፍል ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው፤ ቀደም ሲልም በተፎካካሪው በኤቢሲ የስፖርት ክፍል ምሥረታ ላይ ነበረበት። የተደላደለ ወንበር ትቶ በ1979 በጋ ላይ ጭቃ ውስጥ ወዳለ ያላለቀ ሕንፃ መጣ፤ የሙያ አጋሩን ኮናልንም ይዞ መጣ። እነሱ ባይመጡ ኖሮ ቀረጻው፣ የስርጭት መኪናው፣ የሠራተኛው ሥልጠና፣ ይህ ሁሉ በአማተር እጅ ይቀር ነበር። አቅራቢዎቹ ክሪስ በርማንና ቦብ ሌይ በዚያው መከር ሲቀጠሩ ሁለቱም ገና 24 ዓመታቸው ነበር፤ ስም ያላቸውን ሰዎች ለመቅጠር ገንዘብ አልነበረምና ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶች በሌሊት ፈረቃ ተቀመጡ። ዲክ ቫይታልም ከአሠልጣኝነት እንደ ተሰናበተ በዲሴምበር 5 ቀን 1979 የዲፖልንና የዊስኮንሲንን ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በመተንተን ጀመረ። እነዚህ ሦስት ድምፆች ለአርባ ዓመት ገደማ ያህል ከጣቢያው ጋር የቆዩ ናቸው።

ስፖርትስሴንተርን ማሰብም ያስፈልጋል። ሦስቱ ታላላቅ ጣቢያዎች (ኤቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ) ለስፖርት ዜና የሚሰጡት በአካባቢው ዜና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃዎችን ነበር። በምዕራብ ጠረፍ የሚጫወት ቡድን ያለው የምሥራቅ ተመልካች ውጤቱን የሚያውቀው በማግስቱ ከሰዓት ጋዜጣ ነው። ይህን ክፍተት የሸፈነው የሌሊቱ ዜና ነው። ተመልካቹ ጣቢያውን የግሉ አድርጎ የያዘው በዚህ ፕሮግራም ምክንያት ነው እላለሁ፤ ተመልካቹ ይህን ጣቢያ ካላመጣችሁልን ብሎ የኬብል ኩባንያውን ባያስጨንቅ ኖሮም እርስዎ ያነሡት ሁለተኛ ውሳኔ ሊሠራ አይችልም ነበር።

የቨርጂኒያው ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የስፖርት ተመልካች አይደለሁም፤ ወደዚህ ክር የገባሁት «ማን ለማን ይከፍል ነበር» የሚለው አገላለጽ ስለ ሳበኝ ነው። እዚህ በምኖርበት አካባቢ ለብዙ ዓመታት የኬብል ደንበኛ ነበርኩ። በቤታችን የሚታየው ዜናና የልጆች ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ከየወሩ ሒሳብ ውስጥ ግን ጥቂት የማይባለው ለስፖርት ቻናሎች እንደሚሄድ ከሥራ ባልደረቦቼ ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። አቶ መቅደላ፣ እርስዎ ያሉት የክፍያ ውሳኔ ከዚህ ጋር የሚገናኝ ከሆነ እንዴት እንደ ተጀመረ በዝርዝር ቢያስረዱን ደስ ይለኛል። ከእኔ ጋር በሕንፃው ውስጥ የሚኖሩ ብዙ የሀገራችን ሰዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው።

መቅደላ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የጉዳዩ እምብርት ነው፤ በቀጥታም ይገናኛል።

በ1979 በአሜሪካ ኬብል የገባለት ቤት ቴሌቪዥን ካለው ከአምስቱ ቤት የአንዱን ያህል ነበር። ኢኤስፒኤን ሲከፈት የሚደርሰው 1.4 ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ጋር ብቻ ነው። የኬብል ኩባንያዎች በዚያን ዘመን በአንድ መስመር የሚያስተላልፉት የቻናል ብዛት ውስን ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ጣቢያ ሲመጣ «ለምን ቦታ እንስጥህ?» ይሉታል። ኢኤስፒኤንም ቦታ ለማግኘት ራሱ ለኬብል ኩባንያዎቹ ይከፍላቸው ነበር። ነገሩን በጥሞና እንየው፤ ጨዋታውን የሚገዛው እሱ፣ ቀርጾ የሚያዘጋጀው እሱ፣ ሳተላይቱን የሚከራየው እሱ፣ አሰራጭልኝ ብሎ የሚከፍለውም እሱ ነው። ገቢው ከማስታወቂያ ብቻ የሚመጣ ሲሆን፣ ማስታወቂያ አስነጋሪው ደግሞ የሚከፍለው በተመልካች ብዛት ነው። በ1.4 ሚሊዮን ቤት ላይ፣ በኋላም በጥቂት ሚሊዮን ቤቶች ላይ፣ ይህ ሒሳብ ሊሞላ አይችልም። ጌቲ የመጀመሪያውን 10 ሚሊዮን ካፈሰሰ በኋላ ደጋግሞ መጨመር የነበረበት ለዚህ ነው፤ ኪሳራው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆነ።

ጌቲ የማኪንዚን አማካሪዎች አስመጥቶ ጉዳዩን አስጠና። ከአጥኚዎቹ አንዱ ሮጀር ዋርነር ነበር፤ በ1982 ጣቢያውን ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት ቼት ሲመንስ ዩኤስኤፍኤል የተባለው አዲስ የእግር ኳስ ሊግ (በዚህ ክር እግር ኳስ ስንል በሞላላ ኳስ የሚጫወቱትን የአሜሪካውን ማለታችን ነው) የመጀመሪያ ኮሚሽነር ለመሆን ሄደ፤ ቢል ግራይምስ ፕሬዚዳንት ሆነ። ግራይምስና ዋርነር የደረሱበት መደምደሚያ በማስታወቂያ ብቻ ይህ ጣቢያ መቼም እንደማይኖር ነው፤ የኬብል ኩባንያው ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ሊከፍል ይገባዋል የሚል ነበር። ትናንት ገንዘብ ሲቀበል ለነበረ ሰው ዛሬ አንተ ክፈል ማለት ነው። የኬብል ባለቤቶቹ ተቆጡ፤ ጣቢያውን ከመስመራችን እናወጣዋለን ብለው የዛቱም ነበሩ።

እንዲቀበሉ ያደረጋቸው አንዱ ነገር ከስፖርት ውጭ የመጣ ነው። ሲቢኤስ በኦክቶበር 1981 ሲቢኤስ ኬብል የተባለ የኪነ ጥበብ ጣቢያ ከፍቶ ነበር፤ በማስታወቂያ ብቻ ለመኖር ሲሞክር 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጥቶ በ1982 መጨረሻ ተዘጋ። እንደ ሲቢኤስ ያለ ኩባንያ ሊያቆመው ያልቻለ ነገር ሲፈርስ ያዩ የኬብል ባለቤቶች፣ ደንበኞቻቸው የለመዱት የስፖርት ጣቢያም በዚያው መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል ተረዱ። ስለዚህ ከፈሉ። መጀመሪያ የተጠየቀው ሳንቲም ነው፤ ነገር ግን በየወሩ የሚመጣ፣ በተመልካች ብዛት የማይወርድ፣ ጨዋታው ዝናብ ቢያቋርጠው እንኳ የማይቀር ሳንቲም ነው። በ1984 የወጣው የኬብል ሕግ ደግሞ በአካባቢ አስተዳደሮች የነበረውን የዋጋ ቁጥጥር ከ1986 መጨረሻ ጀምሮ በአብዛኛው ስላነሣው፣ ኩባንያዎቹ የሚከፍሉትን ወደ ደንበኛው ሒሳብ ማዞር ቀለላቸው። እርስዎ ስፖርት ሳያዩ ለስፖርት የከፈሉት በዚህ መንገድ ነው። ቻናሉ በመሠረታዊው ጥቅል ውስጥ ስለሚገባ ክፍያው የሚሰላው በሚያየው ሰው ሳይሆን ኬብል በገባለት ቤት ሁሉ ነው። ይህ ለእርስዎ ፍትሐዊ አይደለም፤ እኔም ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። ለጣቢያው ግን ሕይወት ነበር።

ወይዘሮ ሰሎሜ፣ ተመልካቹ ባይጮህ ኖሮ ክፍያው አይሠራም ነበር ያሉት ትልቅ ነጥብ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን በ1982 ተመልካቹ የሚወደው ስፖርትስሴንተር ነበረ፣ በርማንም ነበረ፣ ጣቢያው ግን እየሞተ ነበር የሚለው ነው። የተወደደ ነገር ሁሉ አይኖርም።

ሒሳብ ሹም

ሁለታችሁም የጌቲን ነገር በቶሎ አልፋችሁታል። አንድ የነዳጅ ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ ለስፖርት ጣቢያ ለምን አፈሰሰ?

በጌቲ ኦይል ውስጥ ከነዳጅ ውጭ ያሉትን ንብረቶች የሚያስተዳድረው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ስቱዋርት ኢቪ ነበር። ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ፣ በተለይም የነዳጅ ዋጋ በተተኮሰበት በ1979፣ 10 ሚሊዮን ዶላር አስደንጋጭ ገንዘብ አይደለም። ለራስሙሰን ግን ሕልውናው ነው። ይህ የአቅም ልዩነት በውሉ ላይ ታየ፤ 85 በመቶውን የሰጠ ሰው ድርጅቱን ሰጥቷል ማለት ነው፤ በቀረው ድርሻ ላይ ቆሞ ልምራ ማለት አይችልም። ሲመንስ በፕሬዚዳንትነት ሲመጣ ራስሙሰን ወደ ሊቀመንበርነት ተገፋ፤ ከብሪስቶል ውሳኔዎች ቀስ በቀስ ራቀ፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ልጁ ስኮትም ከሥራው ወጡ። (ስኮት ራስሙሰን ከዓመታት በኋላ በሕዝብ አስተያየት ጥናት ስሙ የታወቀው ሰው ነው።)

እንደ ሒሳብ ሰው የምለው፣ ራስሙሰን በደል ደረሰበት የሚለው አነጋገር ልክ አይመስለኝም። ሳተላይቱን ተከራይቶ ኪራዩን የሚከፍልበት አልነበረውም፤ ለዕዳ በተያዘ ሐሳብ ላይ የሚደራደር ሰው የሚያገኘው ውል ይህን ይመስላል። ኢቪ ደግሞ ለጌቲ አለቆቹ በየጊዜው እየቀረበ ተጨማሪ ገንዘብ ይለምን የነበረው የራሱን ቦታ አስይዞ ነው። የነዳጅ መሐንዲሶች በሞሉበት ቦርድ ፊት የሶፍትቦል ጣቢያ ኪሳራ ይዞ መቅረብ ቀላል ነገር እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። በእኔ ሚዛን ከሁሉም በላይ ጣቢያውን ያዳነው የኢቪ ግትርነት ነው፤ ክፍያው እስኪጀመር ድረስ ያሉትን ሦስት ዓመታት የተሻገረው በእሱ ነውና።

ሰሎሜ

ክቡር ሒሳብ ሹም፣ ውሉ ሕጋዊ ነበር፤ በዚህ ልዩነት የለንም። ነገር ግን «ለዕዳ የተያዘ ሐሳብ» ብለው የጠሩት ነገር ውስጥ ምን ምን እንደ ነበረ ልብ ይበሉ። ጌቲ በፌብሩዋሪ 1979 ሲገባ ራስሙሰን በእጁ የሳተላይቱን ቦታ ይዟል። በመላው ሀገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት ከሚያስተዳድረው ከኤንሲኤኤ ጋር ድርድር ጀምሯል፤ ውሉም በማርች ተፈርሟል። ያንን ማኅበር አሳምኖ በአየር ላይ ላልዋለ ጣቢያ ጨዋታ እንዲሰጥ ያደረገ ሰው ያመጣው ነገር ቀላል ሀብት አይደለም፤ ያለዚያ ውል አንሃይዘር ቡሽም ባልፈረመ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ሁልጊዜ ይገኛል ባይባልም፣ ሳተላይቱንና ኤንሲኤኤን አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን በመላው አሜሪካ አንድ ብቻ ነበር። ውሉ የተሰላበት ሚዛን ይህን አልቆጠረም ነው የምለው።

ደጀን

በውይይቱ ብዙ ተምሬያለሁ፤ እኔ ደግሞ ወደ ስክሪኑ ልመልሳችሁ። ሃያ አራት ሰዓት በምን ተሞላ? የመጀመሪያው ዓመት በሥራ ቀናት ሙሉ ቀን አይሰራጭም ነበር፤ ያለማቋረጥ መሥራት የጀመረው በሴፕቴምበር 1 ቀን 1980 ነው። ሰዓቱ ሲጨምር ችግሩም ጨመረ። ታላላቅ ጨዋታዎች ሁሉ በሦስቱ ጣቢያዎች በኤቢሲ፣ በሲቢኤስና በኤንቢሲ እጅ ነበሩ። ስለዚህ ብሪስቶል ማንም ያልፈለገውን ሰበሰበ፤ የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ የአየርላንድ ሀርሊንግ፣ የትራክተር ጉተታ፣ ካራቴ፣ ሶፍትቦል።

ከኤንሲኤኤ ጋር የተደረገውም ውል ሙሉ አልነበረም። ማኅበሩ የእግር ኳስ የቀጥታ ስርጭትን ለታላላቆቹ ጣቢያዎች ስለ ሰጠ ለኢኤስፒኤን የደረሰው ተቀርጾ ዘግይቶ የሚቀርበው ነው፤ ተመልካቹ ውጤቱን አውቆ የሚያየው ጨዋታ። የቅርጫት ኳሱ ሻምፒዮና ግን ሌላ ዕድል ከፈተ። ኤንቢሲ ዋና ዋናዎቹን ግጥሚያዎች ሲይዝ፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ቀን ስለሚካሄዱ የሚያሳያቸው አልነበረም። ኢኤስፒኤን ከ1980 ጀምሮ እነዚያን ወሰደ። ስማቸው ያልታወቁ ትንንሽ ኮሌጆች ታላላቆቹን ሲያሸንፉ የአሜሪካ ሕዝብ በቀጥታ ማየት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። እኔ በግሌ ከዚያ ዘመን ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ዛሬ ማርች በመጣ ቁጥር ሀገሩን የሚያነሣሣው ያ ስሜት የተገነባው ኤንቢሲ በተዋቸው የሐሙስና የዓርብ ከሰዓት ጨዋታዎች ላይ ነው።

በኤፕሪል 1980 ደግሞ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የቦብ አረም ድርጅት ቶፕ ራንክ በየሳምንቱ የቦክስ ግጥሚያ ማቅረብ ጀመረ፤ ይህም በቋሚነት የሚጠበቅ የቀጥታ ውድድር ለጣቢያው ሰጠው። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ እግር ኳስ ዋናው ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ስብሰባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተሰራጨ። የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል በአንድ የኒው ዮርክ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስም ሲጠራ መመልከት ማን ይፈልጋል ብሎ ተገርሞ ነበር ይባላል። ዕለቱ ማክሰኞ ሲሆን የሥራ ሰዓትም ነው። ዲትሮይት ቢሊ ሲምስን በመጀመሪያ መረጠ። ኳስ የማይታይበት፣ ሩጫ የሌለበት፣ ወንበርና ስልክ ብቻ ያለበት ስርጭት ተመልካች አገኘ። ጣቢያው ለዚህ የከፈለው ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ ዋጋ ያልተተመነለትን ነገር ቀድሞ ማየቱ ነው ያዋጣው። ኤንኤፍኤልን በአንድ ጊዜ መግዛት የማይችል ጣቢያ በበሩ ቆሞ የሊጉን ሰዎች እየተለማመደ ቆየ።

አቶ መቅደላ ስለ ገንዘብ አቅጣጫ የሚሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ክፍያ የሚጠየቅበት ዕቃ የተሠራው በእነዚህ ዓመታት ነው። በ1979 ክፍያ ቢጠየቅ ኖሮ ማንም አይከፍልም ነበር።

መቅደላ

ደጀን፣ ስለ ድራፍቱ የጻፉት እጅግ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። ዘግይቶ የሚቀርበው የኮሌጅ እግር ኳስ ያሉት ጉዳይ የተፈታው በጣቢያው ብልሃት አልነበረም፤ በፍርድ ቤት ነው። በኤንሲኤኤ የስርጭት ቁጥጥር ላይ የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ክስ መሥርተው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 27 ቀን 1984 በሰባት ለሁለት ድምፅ ፈረደላቸው። ከዚያ ወዲያ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮንፈረንሶች (ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚጫወቱባቸው የውድድር ምድቦች) የየራሳቸውን ጨዋታ መሸጥ ቻሉ፤ በገበያው ላይ በድንገት የበዛ ጨዋታ ፈሰሰ፤ ብዙ ክፍት ሰዓት ያለው ደግሞ አንድ ጣቢያ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1984 ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን 20 ለ14 ያሸነፈበት ጨዋታ በኢኤስፒኤን በቀጥታ ተላለፈ፤ ብሪገም ያንግም በዚያው ዓመት የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

የቀን መቁጠሪያውን ካየን ግን ፍርዱ የመጣው ክፍያው ከተጀመረ በኋላ ነው። ክፍያው ባይኖር ኖሮ ጣቢያው በዚያ ቀን ጨዋታውን ለመግዛት በሕይወት አይኖርም ነበር፤ ቢኖርም የሚገዛበት ገንዘብ ባላገኘ ነበር። በ1983 የዩኤስኤፍኤልን ጨዋታዎች ከኤቢሲ ጋር ተካፍሎ በመግዛት የቀጥታ የሙያተኞች እግር ኳስ ያገኘውም በዚሁ አቅም ነው።

ሒሳብ ሹም

ስለ 1984 ከተነሣ የባለቤትነቱን ነገር ልጨርስ። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የነዳጅ ኩባንያው ቴክሳኮ ጌቲ ኦይልን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ፤ ሌላው የነዳጅ ኩባንያ ፔንዞይል አስቀድሜ ተስማምቼ ነበር ብሎ ክስ መሥርቶም ከአሜሪካ የፍርድ ቤት ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን ካሣ አስፈረደ። በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ቴክሳኮ የሚፈልገው የጌቲን የነዳጅ ክምችት ነው፤ የብሪስቶሉ ጣቢያ ለእሱ ትርፍ ዕቃ ነበር። ኤቢሲ ቀደም ሲል አነስተኛ ድርሻ ይዞ ነበርና የቀረውን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ጠቅላላ ወጪው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚያም 20 በመቶውን ለምግብ አምራቹ ለናቢስኮ በ60 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በዚያ ስሌት የጣቢያው ዋጋ ወዲያውኑ ወደ 300 ሚሊዮን ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ወይዘሮ ሰሎሜ ስለ ራስሙሰን የጻፉትን አስቤበታለሁ፤ አሁንም አልስማማም። ነገር ግን ያው ሚዛን በኢቪ ላይም እንደ ወደቀ መታየት አለበት። ጣቢያውን አምስት ዓመት ያህል የተሸከመው ጌቲ፣ ክፍያው ገና መግባት ሲጀምርና ትርፉ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በማይመለከተው የነዳጅ ድርድር ምክንያት አጣው።

የቨርጂኒያው ነዋሪ

አቶ መቅደላ፣ ስለ ዝርዝሩ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የኬብል ኩባንያዎቹ በ1983 እምቢ ብለው ቢጸኑ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሌላ የስፖርት ጣቢያ አልነበረም?

መቅደላ

ነበር። በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተጀመረው ጣቢያ በ1980 ዩኤስኤ ኔትወርክ ተብሎ ስፖርትንም ሌላ ፕሮግራምንም ቀላቅሎ ያሳይ ነበር፤ ቴድ ተርነርም ከ1976 መጨረሻ ጀምሮ የአትላንታ ጣቢያውን በዚያው በሳትኮም 1 ላይ አሰራጭቶ የራሱን የቤዝቦልና የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ለመላው ሀገር ያሳይ ነበር። ስለዚህ ስፖርት ፈጽሞ አይጠፋም ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ስፖርትን ከፊልምና ከተከታታይ ድራማ ጋር የሚያካፍሉ ናቸው፤ በሌሊት የስፖርት ዜና የሚያነብ ሰው ከሁለቱ አንዱም አላስቀመጠም ነበር። የኬብል ባለቤቶቹ በአንድ ላይ ጸንተው ቢሆን ኖሮ ጌቲ በ1983 ውስጥ ይዘጋው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያልጸኑት ደግሞ እያንዳንዱ በየከተማው አዲስ ደንበኛ ለማስመዝገብ ሲሯሯጥ ይህን ቻናል በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ማጣት ስላልፈለገ ነው። በ1987 ኤንኤፍኤል የእሑድ ምሽት ጨዋታዎችን ለኬብል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸጥ ኢኤስፒኤን ከፍሎ ወሰዳቸው፤ ገንዘቡ እንዲመለስም ለኬብል ኩባንያዎቹ በየደንበኛው ተጨማሪ ክፍያ አቀረበ። አብዛኞቹም ተቀበሉ።